ያ በር ለምን ተሳለ? በእጅ የተሳሉ የእንቆቅልሽ ጌሞችና የኤአይ ክርክር

ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስቲም በጥር 2024 አንድ ደንብ አወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጌም ሠሪዎች ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ኤአይ፣ ተጠቅመው ከሆነ ማሳወቅ አለባቸው። መረጃው በጌሙ መሸጫ ገጽ ላይ ለገዢው ይታያል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር «ይሄን ማን ሳለው?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም።

አንዱ ወገን «ሥዕል ሥዕል ነው፤ ካማረ ምን ቸገረህ» ይላል። ሌላው «ነፍስ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውበት ነው። ለተኩስ ወይም ለእግር ኳስ ጌም ይህ ክርክር ምናልባት ይበቃል። ሥዕሉ ራሱ ጥያቄም ፍንጭም ለሆነበት የጌም ዓይነት ግን አይበቃም። በእጅ የተሳሉት፣ ሕልም ሕልም የሚሉት የጠቅታ እንቆቅልሾች እንዲህ ናቸው። እዚያ ከ«ማን ሳለው» ይልቅ «ለምን ተሳለ» የሚለው ይከብዳል።

የትኞቹ ጌሞች ናቸው?

የዘውጉ መጠሪያ ፖይንት ኤንድ ክሊክ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ተጫዋቹ በማውስ ወይም በጣቱ አንድ ነገር ይጠቁምና ጠቅ ያደርጋል። ሩጫ የለም፤ ጣት ማፍጠን የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ ክፍል ወይም አንድ ሜዳ ተስሎ ይቀርባል። አንዳንዱ ነገር ሲነካ መልስ ይሰጣል፦ መሳቢያው ይከፈታል፣ ወፏ ትበራለች፣ ቁልፉ ይወድቃል። መልስ የሚሰጠው ቦታ ሆትስፖት ይባላል (ከስልክ ኢንተርኔት ማጋሪያው ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት)። የተገኙት ዕቃዎች ኢንቬንተሪ በሚባል ከረጢት ይከማቻሉ። የቀረው ሥራ ማጣመር ነው። ገመዱ ከመንጠቆው ጋር፣ መንጠቆው ከጉድጓዱ ጋር።

እነዚህ ሕልም መሰል ጌሞች ሱሪያል ይባላሉ፤ ቃሉ የመጣው ከሱሪያሊዝም ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን በ1924 ማኒፌስቶውን ያወጣለት የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ነው። ሐሳቡ ሕልምንና የነቃ አእምሮን ማቀላቀል፣ የማይገናኙ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። ሱሪያሊስቶቹ ራሳቸው ጨዋታ ወዳጆች ነበሩ። አንዱ ጨዋታቸው ወረቀት እያጠፉ መቀባበል ነው። አንዱ ጭንቅላት ይስላል፤ አጥፎ ይደብቅና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቀጣዩ የላዩን ሳያይ ሆድ ይስላል፤ ሦስተኛው እግር። ወረቀቱ ሲገለጥ ማንም ያላሰበው ፍጡር ይወጣል። ይህ ጨዋታ ወደ ኤአይ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ከአእምሯችሁ አይውጣ።

ከመተየብ ወደ መጠቆም

ሥዕል ያለው የመጀመሪያው የአድቬንቸር ጌም ተብሎ የሚጠቀሰው ሚስተሪ ሃውስ በ1980 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ። የነደፈችውም የሳለችውም ሮበርታ ዊሊያምስ ናት፤ ባሏ ኬን ኮዱን ጻፈ። ወደ 70 የሚጠጉ ቀላል የመስመር ሥዕሎች ነበሩት። እንግዲህ በእጅ መሳል ለዘውጉ ኋላ የመጣ ፋሽን አይደለም፤ አብሮት የተወለደ ነው። ተጫዋቹ ግን ገና አይጠቁምም ነበር። «በሩን ክፈት» ብሎ ይተይባል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ይደክማል።

በ1987 የወጣው ማኒያክ ማንሽን ይህን ድካም ቀነሰው። ግሶቹን ስክሪኑ ግርጌ ደረደራቸው። «ክፈት» የሚለውን ጠቅ፣ ከዚያ በሩን ጠቅ። በ1993 የወጣው ሚስት ግሶቹንም አስቀረ፤ ምስሉን መንካት ብቻ ሆነ። ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሲሆን በ2002 ዘ ሲምስ እስኪበልጠው ድረስ በሽያጭ የሚስተካከለው የኮምፒውተር ጌም አልነበረም።

ከዚያ ዘውጉ ወረደ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ የ3ዲ ጌሞች መምጣት ዋናው ነው። ሕመሙ ግን ከውስጥም ነበር። ዛሬም መሳቂያ የሆነው ምሳሌ በ1999 የወጣው ጋብርኤል ናይት 3 ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞተር ሳይክል ለመከራየት የጓደኛውን መልክ መምሰል አለበት። ለዚህም ከድመት ፀጉር ሐሰተኛ ጢም ይሠራል። ጓደኛው ግን ጢም የለውም! ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ጢም ይስልበታል። ይህን በራሱ ያሰበ ተጫዋች ካለ ደራሲው ብቻ ነው።

ዳግም ሕይወት የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በ2003 ያኩብ ድቮርስኪ የተባለ የፕራግ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ሳሞሮስት የተባለ አጭር ጌም ሠራ። በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራ፣ ትንሽ፣ እንግዳ ዓለም ነበር። ያቋቋመው ስቱዲዮ አማኒታ ዲዛይን በ2009 ማሺናሪየምን አወጣ። ሁለቱም የተሠሩት ኋላ የአዶቢ ኩባንያ ንብረት በሆነው ፍላሽ በተባለው ቴክኖሎጂ ነው። ፍላሽ ለሠዓሊዎች ትልቅ በር ከፈተ። ኮድ ብዙም የማይችል ሰው ስሎ፣ አንቀሳቅሶ፣ ጠቅታ ጨምሮበት ለዓለም ይለቅ ነበር።

ሕልምም ሕግ አለው

ስለ ሱሪያል ጌሞች በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር ይህ ነው፦ «ትርጉም ስለሌለው የፈለገው ነገር ሊሆን ይችላል» ይባላል። የተገላቢጦሽ ነው። ተራ ዓለም የሚያሳይ ጌም ከተጫዋቹ ልምድ ይበደራል። ውሃ እሳት እንደሚያጠፋ፣ ቁልፍ በር እንደሚከፍት ማንም አያስተምረውም። በሕልም ዓለም ይህ ብድር የለም። ዓሣ ስልክ የሚደውልበት ቤት ውስጥ ተጫዋቹ ምን ይጠብቅ? ስለዚህ ሠሪው ሕጉን ራሱ ማስተማር አለበት። ካስተማረ በኋላም ሊያፈርሰው አይችልም።

ከድመት ፀጉር የተሠራው ጢም የወደቀው እንግዳ ስለሆነ አይደለም። ዓለሙ ተራ የመርማሪ ዓለም ሆኖ ሳለ እንቆቅልሹ ብቻ ከሌላ ፕላኔት ስለመጣ ነው። ተጫዋቾች ይህን «የጨረቃ ሎጂክ» ይሉታል፤ ደራሲው ብቻ የሚያየው የምክንያት ሰንሰለት ማለት ነው። ከማኒያክ ማንሽን ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮን ጊልበርት በሽታውን ቀድሞ አይቶት ነበር። በ1989 በጻፈው መጣጥፍ ላይ ተጫዋቹ ቁልፉን ከማግኘቱ በፊት የተቆለፈውን በር ማየት አለበት ብሎ ተከራክሯል። መጀመሪያ ችግሩ፣ ከዚያ መፍትሔው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ብዙ ጌም ይዘነጋዋል።

መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው ረስቲ ሌክ የሕልም ሕግን በደንብ ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። ከ2015 ጀምሮ በሚያወጣቸው ጌሞች የእንስሳ ራስ ያላቸው ሰዎች አሉ። ትዝታ ጥቁርና ነጭ ኪዩብ ሆኖ ከሰው ይወጣል። አስፈሪም አስቂኝም ነው። ግን ኪዩቡ ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው ሲሄድ ትርጉሙን አይለውጥም። ሦስተኛው ላይ የደረሰ ሰው ኪዩብ ሲያይ አይደናገርም፤ «የማን ትዝታ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው ነገር ቋንቋ ሆነ ማለት ነው።

መስመር እንደ ቃል

አሁን ወደ ሥዕሉ። የጠቅታ ጌም ተጫዋች ስክሪኑን የሚያየው እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ አንባቢ ነው። እያንዳንዱን ነገር «ይህ እዚህ ምን ይሠራል?» እያለ ያልፋል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ካለ ሰዓቱ ስንት ይላል? አራት መጻሕፍት ካሉ ቀለማቸው ምን ምን ነው? መልሱ «ለውበት ነው» ከሆነም ይሁን። ግን ያም ቢሆን የአንድ ሰው ውሳኔ መሆን አለበት።

በእጅ የሚስል ሰው ይህን የሚያደርገው ፈልጎም ሳይፈልግም ነው። መስመር ጊዜ ይፈጃል። ያልተፈለገን በር ለመሳል ማንም ግማሽ ቀን አያቃጥልም። ስንፍናው ራሱ መረጃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በዝርዝር የተሳለው ነገር ትኩረት የተሰጠው ነው፤ በሁለት መስመር የታለፈው ተጫዋቹም አልፎት የሚሄደው ነው። ተጫዋቹ ይህን ሳያውቀው ያነበዋል።

ጎሮጎዋ የተባለው ጌም እዚህ ላይ ጥሩ ማሳያ ነው። ጄሰን ሮበርትስ የተባለ ሰው ለዓመታት በእጁ ሲስለው ቆይቶ በ2017 ወጣ። አንድም ቃል የለውም። ስክሪኑ በአራት ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሥዕል ይቀመጣል። ተጫዋቹ ሥዕል ከሥዕል ጋር ያገጣጥማል። ከአንዱ ሥዕል የበር ፍሬሙ ብቻ ተነስቶ ሌላው ላይ ሲጋረጥ የታሪኩ ባለቤት የሆነው ልጅ በዚያ በር ያልፋል። እዚህ ከሥዕሉ ውጭ ሕግ የለም። አንድ መስመር በጥቂት ፒክስል፣ ማለትም በጥቂት የስክሪን ነጥብ፣ ቢዛነፍ እንቆቅልሹ ይሞታል።

ማሺናሪየም ደግሞ ሌላ ችግር ይፈታል። ሥዕሉ ሲበዛ «የፒክስል አደን» የሚባል ጣጣ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ማሰብ ትቶ ስክሪኑን ጥግ በጥግ ጠቅ እያደረገ ያስሳል ማለት ነው። ማሺናሪየም ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ትንሹ ሮቦት፣ የሚነካው እጁ የሚደርስበትን ብቻ ነው። ለሩቁ መሄድ አለበት፤ ለከፍታው ሰውነቱን መዘርጋት፣ ለዝቅታው ማሳጠር። በጭፍን መንካት ትርፍ የለውም። ለተቸገረ ሰው ፍንጭ አለ፤ ሙሉው መፍትሔ የተሳለበት መጽሐፍም አለ። መጽሐፉን ለመክፈት ግን መጀመሪያ አንድ አሰልቺ ሚኒ ጌም መጫወት ያስፈልጋል። አገር ሰጥቶ መልሱን መጠየቅ ይቻላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የእጅ ሥዕልም የራሱ ጉድለት አለው። የድሮ ካርቱን ያየ ሰው ያውቀዋል። ጀርባው ወረቀት ላይ በዝርዝር ይቀባል፤ የሚንቀሳቀሰው ነገር ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በአንድ ወጥ ቀለም ይሳላል። ከተደረደሩት ድንጋዮች የቱ እንደሚወድቅ ከመውደቁ በፊት ይታወቃል። ብዙ የጠቅታ ጌሞች እንዲህ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አንዳንዶቹ በተቃራኒው ንቁውን ነገር ከጀርባው ጋር አመሳስለው ይቀብሩታል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ አምሮ ጌሙ ይበላሻል። እጅ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይደለም።

ወጪው የት ይሄዳል?

በእጅ የሚሠራ አኒሜሽን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 12 ሥዕል ይጠይቃል። ሦስት ሰከንድ የምትፈጅ አንዲት እጅ ማወዛወዝ 36 ሥዕል ናት። ለዚህ ነው ብዙዎች ገጸ ባሕርይውን ቆራርጠው እንደ አሻንጉሊት መገጣጠሚያውን የሚያንቀሳቅሱት። ከዚያ ደግሞ የማጣመሩ ሒሳብ አለ። ከረጢት ውስጥ 5 ዕቃ፣ ክፍል ውስጥ 10 ሆትስፖት ካለ 50 ሙከራ ይቻላል። ትክክሉ ምናልባት ሦስቱ ናቸው። ለቀሩት 47ቱ ገጸ ባሕርይው ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው ያለው ወይስ የሚያስቅ ነገር ያደርጋል? ጥሩ ጌም የሚለየው በ47ቱ ነው፤ ወጪውም ያለው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይበላል። የተፈታ እንቆቅልሽ ድጋሚ አይፈታም። ሌላ ሰው ሲጫወት በቪዲዮ ያየ ሰው መልሱን ይዞ ይሄዳል። ስቲም ከ2015 ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ገዢ ገንዘቡን ይመልሳል። ደንቡ ለገዢ ጥሩ ነው። ለሁለት ዓመት ተስሎ በመቶ ደቂቃ ለሚያልቅ ጌም ግን ስጋት ነው። ከሽያጩም በመደበኛው 30 በመቶው ለመሸጫው ይሄዳል።

የገንዘብ ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ደብል ፋይን የተባለው ስቱዲዮ በ2012 ለአንድ የጠቅታ ጌም ከሕዝብ 400 ሺህ ዶላር ጠየቀ። ከ87 ሺህ በላይ ሰዎች አዋጥተው ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡት። ሰው ዘውጉን እንዳልረሳው ግልጽ ሆነ። ግን ያ ሁሉ ገንዘብ አልበቃም። ብሮክን ኤጅ የተባለው ጌም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በ2014፣ ግማሹ በ2015 ወጣ። ረስቲ ሌክ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ትንንሾቹን በነፃ እየለቀቀ ትልልቆቹን ይሸጣል። አዶቢ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ሊዘጋው ሲል ደግሞ ከእነዚያ ትንንሾቹ ዘጠኙ በአንድ ጥቅል ተሠርተው ወጡ። ባለቤት ያጡ ስንት የፍላሽ ጌሞች ግን ወዳጆቻቸው በሠሯቸው ማኅደሮች ውስጥ ነው ዛሬ ያሉት።

ኤአይ ሲገባ ምን ይለወጣል?

ምስል የሚያመነጭ ኤአይ የሚሠራው በአጭሩ እንዲህ ነው። እጅግ ብዙ ምስሎችን ከነመግለጫቸው ይማራል። ከዚያ ከተዘበራረቁ ነጥቦች ይነሳና በተሰጠው ጽሑፍ እየተመራ ደረጃ በደረጃ ወደ ሥዕል ያጠራዋል። «የድሮ ሳሎን» ሲባል ሰዓት ይጨምራል፤ ለምን? የድሮ ሳሎን ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ ሰዓት ስላለ። ሰዓቱ ምን እንዲል የወሰነ ሰው የለም። ምንጣፉ ላይ ያለው ቅርጽ ኮድ ይመስላል፤ ኮድ ግን አይደለም።

የሱሪያሊስቶቹ የታጠፈ ወረቀት እዚህ ይመለሳል። ሙሉውን ያሰበ የለም፤ ውጤቱ ግን ያስደንቃል። ለዚህ ነው ኤአይ ሱሪያል ሥዕል ይዋጣለታል የሚባለው፤ ለዓይን ብቻ ከሆነ እውነት አለው። ልዩነቱ፣ በ1920ዎቹ ያንን ወረቀት የገለጠ ሰው «እዚህ ውስጥ ቁልፍ ፈልግ» አልተባለም። የጠቅታ ጌም ተጫዋች ይባላል። ሳይታሰብ የገባ ዝርዝር ሁሉ ለእሱ ሐሰተኛ ፍንጭ ነው። ሁለት ሦስቴ ከተታለለ በኋላ ሥዕሉን ማንበብ ያቆማል። ከዚያ የፒክስል አደን ይጀምራል።

በሌላ ወገን ያሉት የሚሉት አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። አንደኛ፣ ሠሪው የመነጨውን ሥዕል አጥርቶ፣ ትርፉን ሰርዞ መጠቀም ይችላል። ትክክል ነው። ያን ጊዜ ግን ዓይኑን እያንዳንዱ መስመር ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ተረፈ የተባለው ጊዜ ከፊሉ እዚያ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የቀለም ቅብ ወይም በሁለት ሥዕሎች መካከል ያሉትን እንቅስቃሴዎች መሙላት አድካሚ ነው፤ መሣሪያ ቢያግዘው ምን ይጎዳል? በእኔ አመለካከት ይህ የበለጠ ሚዛን ይደፋል። መካከለኛዎቹ ሥዕሎች ፍንጭ አይሸከሙም።

ሦስተኛው ክርክር «መጨናነቅ ራሱ ጌም ነው» የሚል ነው። ሂደን ፎክስ የተባለው የ2017 ጌም በጥቁርና ነጭ በእጅ የተሳሉ፣ ሰውና ዕቃ የታጨቀባቸው ትዕይንቶች አሉት። ድምፁ ሳይቀር በአፍ የተሠራ ነው። ተጫዋቹ በሕዝብ መካከል አንድ ሰው ይፈልጋል። እና ኤአይ ሕዝብ መሳል ይችል የለ? ይችላል። ግን ያ ጌም ውስጥ የሚፈለገው ሰው የት እንዳለ የሚጠቁም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ቁጥቋጦ ሲነካ ይንቀሳቀሳል፣ በር ሲነካ ይከፈታል። ሕዝቡ መልስ ይሰጣል። መልስ የማይሰጥ ሕዝብ የግድግዳ ወረቀት ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይም አለ። አንድ ክፍል አንድ ሥዕል ብቻ አይደለም። መብራት በርቶ፣ ጠፍቶ፣ መስኮት ተሰብሮ ይታያል። የተለወጠው ብቻ ተለውጦ የቀረው ሁሉ በቦታው መቆየት አለበት፤ ለውጡ ራሱ ፍንጭ ነውና። ቀደምት ኤአይዎች በዚህ ክፉኛ ይወድቁ ነበር፤ መስኮት ሲሰብሩ ወንበሩንም ይቀይሩታል። አዳዲሶቹ የቀረውን ሳይነኩ ማረም እየለመዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ብቻ ኤአይን መቃወም ዕድሜው አጭር ነው።

ከዚህ በኋላ

ሕጉ ገና አልረጋም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በየካቲት 2023 ታሪኩ በሥዕል ስለሚተረክ አንድ መጽሐፍ (ኮሚክ) ውሳኔ ሰጥቷል። ጽሑፉና አደራደሩ የደራሲዋ ነው፣ በኤአይ የመነጩት ምስሎች ግን በቅጂ መብት አይጠበቁም ብሏል። መልኩ ብቸኛ ሀብቱ ለሆነ ትንሽ ስቱዲዮ ይህ ቀልድ አይደለም። በኤአይ ያመነጨውን የጌሙን ሥዕል ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችል ይሆናል ማለት ነው።

ገበያውም ተጨናንቋል። በ2024 ብቻ ስቲም ላይ ከ18 ሺህ በላይ ጌሞች ወጥተዋል። ሥዕል በርካሽ ሲገኝ የጠቅታ ጌም መሥራት የቀለለ ይመስላል፤ በጣም የሚታየው ክፍል ያ ነውና። የሚጠበቀው እንግዲህ ስክሪን ቅጂያቸው የሚያምር፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ የሚያናድዱ ጌሞች መብዛት ነው። «በእጅ የተሳለ» የሚለው ሐረግም ከመግለጫነት ወደ ማስታወቂያነት መሄዱ አይቀርም። በእጅ ተስሎ እንቆቅልሹ የማይረባ ጌም ደግሞ ሞልቷል።

የስቲም መግለጫ አሁን ባለው ቅርጹ ለዚህ ዘውግ ብዙ አያግዝም። ኤአይ መኖሩን ይናገራል፤ የት እንዳለ የሚያብራራው ሠሪው በፈቀደው መጠን ነው። ኤአይ የቀባው ሰማዩን ከሆነ ተጫዋቹ ግድ የለውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ከሆነ ግን ለሃያ ደቂቃ ሦስት ሰዓት ከሩብን በሁሉም መቆለፊያ ላይ ሲሞክር ሊያመሽ ነው።